ወርቅ የመሰለው ቃል

ሰባት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነፍሱ ስትወጣ በየትኛው ይናገራል?

በዚያ ቀን ናቭሳሪ ከተማ ውስጥ ይህን የሚመልስ አልነበረም። የጠየቀም አልነበረም። ሁሉም መልሱን የያዘ መስሎት ነበር።

ሮዳቤ ከሱራት በመጣው ባቡር ወርዳ ሰፈሯ ስትደርስ የቤታቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጠዋት ደፉ ላይ በኖራ የሣለችውን ጌጥ የፖሊስ ጫማ ረግጦታል። አትክልት ሻጯ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የሳሪዋን ጫፍ ነክሳ ታለቅሳለች። ቅርጫቷ ተገልብጧል። ቲማቲሙ መንገዱ ላይ ተበትኗል፤ የሚያነሳው የለም።

"አባባስ?" አለች ሮዳቤ።

አትክልት ሻጯ በጣቷ ወደ ውስጥ አሳየቻት።

የማንበቢያው ክፍል ወለል ላይ ደም ነበር። ብዙ አይደለም፤ አንድ ሰሃን የሚያህል። ከጎኑ የአባቷ ነጭ ቆብ ወድቋል። ያን ቆብ ከአባቷ ራስ ወርዶ አይታ አታውቅም፤ በእንቅልፉ እንኳ። ከደሙ ይልቅ ዓይኗ ቆቡ ላይ ቀረ።

"ልጃቸው ነሽ?" አለች ከመስኮቱ አጠገብ የቆመችው ሴት። ካኪ ለብሳለች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ወፍራም ነው። "ኢንስፔክተር ሱሚትራ ጋሚት እባላለሁ። ቁጭ በይ እህቴ። ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ።"

"ማነው?"

"እሱን ነው የምፈልገው። ጠዋት የት ነበርሽ?"

"ሱራት። መነጽር አምጪልኝ ብሎኝ።"

"ዓይናቸው አያይም አይደል እንዴ?"

እውነት ነው። አባቷ ኤዳልጂ ካየ ዓመታት አልፈዋል። ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለየው። ጠዋት ግን "መነጽሬ ደርሷል፣ ሂጂ አምጪልኝ" ሲላት አላሰበችበትም። መነጽር ሻጩ ደግሞ "ምን መነጽር?" ብሎ ስቆባት ነበር።

"ብሪጌሽ!" ኢንስፔክተሯ ወደ በሩ ተጣራች። "ና ንገራት።"

ቀጭኑ ኮንስታብል ገባ። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ደም ነክቶታል።

"ማዶ ሻይ እየጠጣሁ ነበር አለቃ። ይቺ ቲማቲም ሻጭ ስትጮህ ሮጬ ገባሁ። ራሳቸውን አቀፍኳቸው። ይተነፍሱ ነበር። 'ማነው አባባ? ማነው የመታዎት?' አልኳቸው። አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።"

"ምን አሉ?"

"ሆኑ።"

በዚያ አገር ሰው አፍ "ሆኑ" ወርቅ ነው። ሌላው ጉጅራት "ሶኑ" የሚለውን የሱራትና የናቭሳሪ ሰው በትንፋሽ ነው የሚጠራው። ሌላው አገር ሲስቅባቸው ይኖራል። ኮንስታብሉ የዚሁ ከተማ ልጅ ነውና አልተጠራጠረም። ወርቅ ተብሏል፣ ወርቅ ነው።

የሮዳቤ እናት ሁለት የወርቅ አምባሮችም ከሣጥኑ ውስጥ አልነበሩም።

*

ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ አምባሮቹ ተገኙ። ከሦስት ቤት ወዲያ፣ ወርቅ ሠሪው ማጋን መሳቢያ ውስጥ።

"አንተ ማጋን፣ እግዜር ያሳይህ፣ ከሽማግሌ ቤት!" አለች ኢንስፔክተሯ።

"እመቤቴ፣ ራሳቸው ናቸው ያመጡልኝ! ባለፈው ሳምንት፣ በትራቸውን እየመቱ። 'አስፋልኝ' ብለው።"

"ምኑን?"

"አምባሩን። 'የሚስቴ እጅ ቀጭን ነበር፣ የልጄ እጅ ሰፊ ነው። በጀርመን ድንች ወፍሮ ነው የመጣው' ብለው ሳቁ። 'እንዳትነግራት' አሉኝ።"

"ምስክር አለህ?"

"እሳቸው ነበሩ ምስክሬ።"

"ጥሩ ምስክር መረጥክ! ተነስ።"

ማጋን ወደ ሮዳቤ ዞረ። "ልጄ፣ አንቺ ንገሪያቸው እንጂ! አባትሽን አርባ ዓመት አውቃቸዋለሁ!"

ሮዳቤ የራሷን እጅ አየች። እውነትም ሰፊ ነው። ግን ምን ትበል? አባቷ ስለ አምባሩ ምንም አልነገራትም። ሰውየውን ጎትተው ሲያስገቡት የመኪናው በር እግሩ ላይ ተዘጋበት፤ ጮኸ።

ማታ ጣቢያው ውስጥ ምን እንደሚያደርጉት ሁሉም ያውቃል።

*

ወንድሟ ፔሾታን የመጣው ሬሳው ከሐኪም ሲመለስ ነው። ከላይ እስከ ታች ነጭ በነጭ ለብሷል። እሱም እንደ አባቱ ካህን ነው፤ በተቀደሰ እሳት ፊት በሚጸለይበት በከተማዋ ትልቁ የእሳት ቤት ያገለግላል። በቅርቡ ዋና ካህን ይሆናል ተብሎ ይወራል። እህቱን ወደ ደረቱ አስጠግቶ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች።

"እትዬ" አላት ሲረጋጋ። "ስለ ጸሎቱ..."

"አውቃለሁ።"

"እኔ አይደለሁም። ሰብሳቢው ናዳርሻ ነው። ጉባኤው ነው።"

"አውቃለሁ አልኩህ።"

"ከውጭ ትሰሚያለሽ። መስኮቱን አስከፍትልሻለሁ።" ዓይኑን ሰበረ። "እኔ ምን ላድርግ? የአባባ የራሱ መጽሐፍ ነው የሚለው።"

ሮዳቤን የሚያብሰለስላት ይኸው ነበር።

ጀርመን አገር ሄዳ አባቷ ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ የጠናውን፣ የእምነታቸው ቅዱስ መጽሐፍ የተጻፈበትን ተምራለች። የተመለሰችው ከአኒሩድ ጋር ተጋብታ ነው። አኒሩድ የነሱን እምነት የሚከተል ፓርሲ አይደለም። ስለዚህ የእሳት ቤቱ ደጅ ተዘጋባት። የወለዳትን አባት አስከሬን ፊት እንኳ አታይም። የጉባኤው ሰዎች ምክንያት ሲጠየቁ አምና የታተመውን የኤዳልጂን የቅዱስ መጽሐፍ ትርጉም አውጥተው ያሳያሉ፤ "ከባዕድ ጋር የተጣመረች ወደ እሳቱ አትቅረብ።"

አባቷን ስለዚያ ቃል ጠይቃው አታውቅም። መልሱን ፈርታ። ከትናንት በስቲያ ግን ራሱ "እስኪ እሱን ገጽ አንብቢልኝ" አላት። እንደ ተማሪ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር አነበበችለት።

"ድገሚው።"

ደገመችው።

ኤዳልጂ የሾርባ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሾርባው ቀዘቀዘ። የኔ ነው አላለም። የኔ አይደለም አላለም። በማግሥቱም ምንም አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሱራት ላካት፤ ስትመለስ የለም።

ታዲያ ያን ቃል ጽፎታል ወይስ አልጻፈውም? በሯን የዘጋባት አባቷ ነው ወይስ አይደለም? ሮዳቤ ገዳዩን ከማወቅ ይልቅ ይህን ማወቅ ፈለገች። በዚህም አፈረች።

*

በማግሥቱ ጠዋት ኢንስፔክተር ሱሚትራ ብሪጌሽን ብቻ አስከትላ መጣች። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ጓ አለ።

የነሐስ ሙቀጫ ነበር። ካህናት በጸሎት ጊዜ ቅዱሱን ቅጠል የሚወቅጡበት።

"ከዚሁ ክፍል ነው ያገኘነው፤ ሐኪሙ የተመቱት በዚህ ነው ይላል። የከንፈሩ ቅርጽ ከቁስሉ ጋር ይገጥማል። ግን ደም የለበትም። ታጥቧል።"

"ታዲያ?"

"ሌባ ዕቃ አያጥብም እህቴ። ይዞት ይሮጣል፤ ወይ ጥሎት ይሮጣል። አጠበ እንበል፤ በውሃ ያጥባል። እስኪ ጣትሽን ስደጂ።"

ሮዳቤ ጣቷን ሙቀጫው ውስጥ ሰደደች። ሸካራ ነገር ነካት። አሸዋ።

"ደግሞ አሽቺው። ቤተ ሙከራ ሳልልከው የሚያውቅ ሰው ያሽተው ብዬ ነው። የኔ ልጆች የከብት ሽንት ነው እያሉ ይሳሳቃሉ።"

ሮዳቤ ማሽተት አላስፈለጋትም። እጇን ስባ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። ጠረገችው። ደግማ ጠረገችው።

"ምን ሆንሽ?"

"ሕግ ነው" አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። "ደም ወይ ሬሳ የነካው ዕቃ ዝም ብሎ ውሃ ውስጥ አይገባም። ውሃው ይረክሳል። መጀመሪያ የተጸለየበት የበሬ ሽንት፣ ቀጥሎ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ። ወርቅ አንድ ጊዜ፣ ብር ሁለት ጊዜ፣ ነሐስ ሦስት ጊዜ።"

"ይህን ማጋን ያውቀዋል?"

"ማጋን ሂንዱ ነው። የኛም ሰው ቢሆን ካህን ካልሆነ ዛሬ ማን ያስታውሰዋል?"

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ብሪጌሽ!" አለች ወደ በሩ ዞራ። "ያቺን ቃል እንደገና በላት። እንዳልከው ሳይሆን እንዳሉት።"

"ሆኑ ነዋ አለቃ።"

"አፋቸውን አይተሃል?"

ኮንስታብሉ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩን እንደሚያፏጭ ሰው አሾለ። "እንዲህ... አሾሉት። ደም ስለነበረ ነው ብዬ... ሁ... ሁኑ።"

ሮዳቤ ጠረጴዛውን ያዘች።

"እህቴ?"

"ጉጅራቲ አይደለም" አለች። "ወርቅ አላለም።"

"ምን አሉ ታዲያ?"

"ለምታከብሪው ሰው 'አረፈ' ትያለሽ። ለምትጠይው 'ተደፋ' ትያለሽ። ለሰው ሆድ፣ ለስግብግብ ከርስ። አይደል?"

"እሺ።"

"አባቴ የሚተረጉመው ቋንቋ ይህን ሕግ አድርጎ ይዞታል። የመልካም ፍጥረት እጅ አንድ ቃል አለው፤ የአጋንንት እጅ ሌላ። ዓይንም፣ ራስም፣ መሮጥም፣ መሞትም እንደዚያው። ልጆች ሆነን ሳንታጠብ ማዕድ ስንቀርብ 'ያን የጋኔን እጃችሁን ከምግቤ ላይ አንሱ' ይለን ነበር በዚያ ቋንቋ። እንስቃለን። ዓይናችንን፣ እግራችንን፣ ሁሉን በጋኔን ስም ጠርቶታል። አንዱን ቃል ግን ለቀልድ እንኳ ተናግሮት አያውቅም። 'እሱ አይቀለድበትም' ይል ነበር።"

"የቱን?"

"የመልካም ሰው ልጅ፣ ወንዱ፣ 'ፑትራ' ነው።"

"የክፉውስ?"

ሮዳቤ በጣቷ ወደ ብሪጌሽ አፍ ጠቆመች። ብሪጌሽ በሩ ሥር ቆሞ ከንፈሩን በእጁ ሸፈነ።

"ስንት ወንድ ልጅ አላቸው?" አለች ኢንስፔክተሯ በዝግታ።

"አንድ።"

*

ፔሾታንን ጣቢያ አልጠሩትም። ኢንስፔክተሯ እዚያው ማንበቢያ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችው። ሮዳቤ ከጎን ክፍል፣ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ትሰማለች። ስህተት በሆነ ብላ ትመኛለች። አንድ ቃል ምን ያህል ይታመናል? በሚሞት ሰው አፍ፣ በደንቆሮ ኮንስታብል ጆሮ? ጀርመን አገር ቢሆን እንዲህ ያለውን ማስረጃ ፕሮፌሰሯ ፊቷ ላይ ይቀደው ነበር።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሐዘንዎ ቀን" አለች ኢንስፔክተሯ። "የት ነበሩ ትናንት ጠዋት?"

"እሳት ቤት። ጸሎት ላይ።"

"እስከ ስንት ሰዓት?"

"ጸሎቱ እስኪያልቅ።"

"አባትዎ አልጠሩዎትም?"

"አልጠሩኝም።"

"ሌባው ተይዟል፣ ሰምተዋል?"

"ሰማሁ። እግዜር ይፍረድበት።"

"ከጎረቤት እኮ ነው። ኧረ ሙቀቱ! ውሃ አለ?" ተነሣች። ከጠረጴዛው ላይ ሙቀጫውን አነሣች። ከማሰሮው ውሃ ቀድታ ሞላችው። ወደ አፏ አስጠጋች።

"አይጠጡበት!"

ፔሾታን ቆሞ ነበር። ወንበሩ ከኋላው ወድቋል።

"ምነው? ታጥቧል እኮ።"

"አልጠራም! ነሐስ ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቴ ብቻ ነው የ..."



ኢንስፔክተሯ ሙቀጫውን አስቀመጠች። ውሃው አልፈሰሰም። "ይሄ ቅድም ከገበያ የገዛሁት ነው" አለች። "ዋናው ቤተ ሙከራ ነው። ሁለቴ ብቻ መታጠቡን ግን እኔም አላውቅም ነበር። ማን ነገረህ?"

እስከዚያች ደቂቃ "እርስዎ" ስትለው ነበር። "አንተ" ስትለው ፔሾታን በጥፊ እንደተመታ ፊቱን አዞረ።

"ቲማቲም ሻጯ ስትጮህ አቋርጠህ በጓሮ ወጣህ። አይደል?"

ፔሾታን የወደቀውን ወንበር ለማንሳት ጎነበሰ፤ ተወው።

"ምን አድርገውህ ነው? አባት ናቸው እኮ!"

"አላሰብኩትም..." ወለሉ ላይ ተቀመጠ። "ነገ ጉባኤው ፊት እናገራለሁ አለኝ። ልጄ አታለለኝ እላለሁ አለ። በሕዝቡ ሁሉ ፊት!"

"ምን አድርገህ አታለልካቸው?"

መጋረጃው ተገለጠ። ሮዳቤ ወጣች። ፔሾታን ሲያያት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

"ንገረኝ" አለች። "የቱን ቃል ነበር የጻፈው?"

"እትዬ..."

"ባዕድ ነው ወይስ ምን?"

"ሐሰተኛ" አለ ከእጁ ሥር። "ከሐሰተኛ ጋር የተጣመረች። እሱ የጻፈው ሐሰተኛ ነው።"

ፔሾታን እጁን ከፊቱ አወረደ።

"ዓይኑ ስለማያይ የማተሚያውን ረቂቅ የማነብለት እኔ ነበርኩ። በአፌ 'ሐሰተኛ' ብዬ አነበብኩለት። ወረቀቱ ላይ 'ባዕድ' ነበር። ራሱን ነቀነቀ፤ 'መልካም' አለ። ጣቱን ይዤ አስፈረምኩት። እነናዳርሻ ያን ቃል ይፈልጉ ነበር። በአንተ እጅ ካለፈ ዋናው ካህን አንተ ነህ አሉኝ። አንድ ቃል እኮ ነው እትዬ! የድሮዎቹም እንዲያ ተርጉመውታል፣ ያልተረጎመው የለም..."

"የኔ በር ነበር እኮ፣ ያ ቃል።"

"ትመለሻለሽ ብዬ አላሰብኩም!"

ሮዳቤ ግድግዳውን ተደገፈች። አባቷ ወደ ሱራት የላካት ልጁ ሲዋረድ እንዳታይ ነው። እስከ መጨረሻው ለዚህ ሰው ክብር ሲጠነቀቅ ነበር።

"ከመታኸው በኋላ" አለች፤ "ዕቃውን ለማጠብ ቁጭ አልክ?"

"እና እንዴት ትቼው ልሂድ?" ፔሾታን ቀና አለ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ግራ መጋባት ነበር። "ደም ነክቶታል። የጸሎት ዕቃ ነው። እንዴት ረክሶ ይቀራል?"

ብሪጌሽ ከበሩ ሥር አንድ ነገር አጉተመተመ፤ እርግማን ይሁን ጸሎት አልለየም።

"ይተነፍሱ ነበር" አለች ኢንስፔክተሯ።

"ማ?"

"አባትህ። ሐኪሙ እንዳለው ከግማሽ ሰዓት በላይ በሕይወት ነበሩ። አንተ ሙቀጫህን በአሸዋ ስታሽ፣ ከጀርባህ ይተነፍሱ ነበር። አንድ ጊዜ ብትጮህ፣ ሆስፒታሉ ከጥጉ ማዶ ነው።"

ፔሾታን ወደ ወለሉ አየ፤ ደሙ ወደነበረበት። ከዚያ ወደ እህቱ። እሷን ሲያይ ነው መጮህ የጀመረው። ብሪጌሽ አንሥቶ ሲያወጣው እንኳ ጩኸቱ አላባራም። ሰፈሩ በሙሉ በየመስኮቱ ወጣ። የሚሰማውን ለማመን የፈለገ አልነበረም። አንዲት አሮጊት "ሐዘን ነው፣ አባቱን ስለሚወድ ነው" እያለች ታጽናና ነበር።

ማጋንን ያን ቀን ፈቱት። አንድ እግሩን እያነከሰ ነው የወጣው።

*

በእምነታቸው አራተኛው ቀን ሊነጋ ሲል የሟች ነፍስ ወደ ወዲያኛው ዓለም የሚወስደውን ድልድይ ትሻገራለች። ለመሸኘት ካህናቱና ጉባኤው የእሳት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ልጁ ሊመራው የነበረውን ጸሎት ሌላ ካህን ጀመረ።

ሮዳቤ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከብረት በሩ ማዶ ቆማ ነበር። ነጭ ለብሳለች። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። አኒሩድ ከመንገዱ ማዶ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። እንዳይመጣ ነግራው፣ መጣ፤ ከዚያ በላይ ግን አልቀረበም።

ሁሉም አውቋል። ከተማው በሙሉ ሌላ ወሬ የለውም። ታዲያ በሩ ለምን ተዘጋ? ዘበኛውን ጠየቀችው። "እኔ ታዝዤ ነው ልጄ" አላት፤ ዓይኗን ሳያይ።

በተከፈተው መስኮት የአዳራሹ መብራትና የሰዎቹ ጀርባ ይታያል። ከፊት ረድፍ የጉባኤው ሰብሳቢ ናዳርሻ ተቀምጧል። ስልኳን አወጣች። ሁለቴ አጥፍታ ጻፈችው።

"መጽሐፉ ላይ ያለው ቃል የአባቴ አይደለም። ያስቀየሩት እነማን እንደሆኑ እርስዎ ያውቃሉ። ጸሎቱ ሳያልቅ በሩን ያስከፍቱልኝ። ሮዳቤ፣ የኤዳልጂ ልጅ።"

ላከችው።

በመስኮቱ አየችው። ናዳርሻ ኪሱን ዳበሰ። ስልኩን አወጣ። ብርሃኑ አገጩን አበራው። ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ረጅም ነገር እንደሚያነብ ሰው ቆየ። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ ከሌሎቹ ጋር ድምፁን አነሣ።

ምሥራቁ ቀላ። ጸሎቱ አለቀ። ሰዎቹ በሌላው በር ወጡ።

ሮዳቤ ስልኳን በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች። መልስ አልመጣም። ያን ዕለትም፣ ከዚያ ወዲህም።